«ሪሶርስ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ምን ልበለው? ለሰኞ የወላጆች ስብሰባ ነው፣ እርዱኝ

የአዘዞዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን 6 ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደርሶታል፤ ትምህርት ቤትና ወላጅ ልጆችን እንዴት እንደሚያግዙ የሚያስረዳ ነው። ሰኞ ጠዋት በወላጅ መምህር ህብረት ስብሰባ ላይ በአማርኛ ይነበባል ተብሎ ትርጉሙ እኔ ላይ ወደቀ። እንግሊዝኛው ያን ያህል አይከብድም። ያስቸገረኝ አንድ ቃል ነው፤ ሪሶርስ። 23 ቦታ ላይ አገኘሁት።

መጀመሪያ ሁሉንም «ሀብት» ብዬ ጻፍኩት። መዝገበ ቃላቴ የሚለው እሱን ነው። ማታ ለእናቴ አነበብኩላትና «ትምህርት ቤቱ ያለው ሀብት ውስን ነው» የሚለው ላይ ስደርስ «ሀብት ካለውማ ምን ጎደለው?» አለችኝ። ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም አምናም በሌላ ስብሰባ እንዲህ ያለ ወረቀት ተነቦ አንድ አባት ተነስተው «ሀብት አለን እያላችሁ ለምን ከእኛ መዋጮ ትጠይቃላችሁ» ብለው አኩርፈው ወጥተው ነበር። ያኔ የሰውየው ችግር መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ችግሩ የወረቀቱ ነው።

ያስቸገሩኝን ልጻፍላችሁ። አንዱ ቦታ «የትምህርት ቤቱ ሪሶርስ ውስን ነው» ይላል። ሌላው ላይ «ወላጅ ለልጁ የመጀመሪያው ሪሶርስ ነው»። «በአካባቢያችሁ ያለውን ሪሶርስ ተጠቀሙ»፣ «በሁለተኛው ቀን ሪሶርስ ፐርሰን ይመጣል»፣ «ሪሶርስ ሩም ይደራጅ»፣ «ሪሶርስፉል መምህር»። ቃሉ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን አንድ አይመስለኝም። የምታውቁ እባካችሁ።

የማራኪ ልጅ

ሰላም እህቴ። እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። ገና ከመጀመሪያው የሚነገረን የሰው ፍላጎት ገደብ የለውም፣ ሪሶርስ ግን ውስን ነው የሚል ነው። እዚያ ላይ ሪሶርስ ማለት ለማምረት የሚያስፈልግ ሁሉ ነው። መሬት፣ ጉልበት፣ ካፒታል፣ ሥራ ፈጣሪነት። ስለዚህ ሀብት የሚለው ያጠበዋል፣ ሰው ሲሰማው ብር ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ብሆን 23ቱንም «ግብዓት» እላቸው ነበር። ትምህርት ቢሮም እኮ መጽሐፉንም፣ ጠመኔውንም፣ ወንበሩንም «የትምህርት ግብዓት» ነው የሚለው።

ጡረተኛው አስተርጓሚ

የማራኪ ልጅ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ልክ ነህ። ግን እስቲ «ወላጅ ለልጁ የመጀመሪያው ግብዓት ነው» ብለህ ለአዘዞ እናቶች አንብብላቸው። ግብዓት ለሥራ የሚገባ ነገር ነው። ሲሚንቶ ለቤት ግብዓት ነው፣ ማዳበሪያ ለእርሻ ግብዓት ነው። እናት ግብዓት አትባልም።

ልጄ መምህርት፣ ለ23ቱም የሚሆን አንድ ቃል አትፈልጊ። የለም። እኔ ይህ ቃል ሲመጣብኝ የምጠይቀው ሰውየው በዚህ ነገር ምን ሊያደርግበት ነው ብዬ ነው። መልሱ አማርኛውን ይዞልኝ ይመጣል።

ከመሬት የሚወጣ፣ የሚበቅል ወይም የሚፈስ ከሆነ «የተፈጥሮ ሀብት» በይው፤ እዚህ ላይ ሀብት ማለት ትክክል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል፣ በእንግሊዝኛው ቅጂ በዚያ ቦታ ያለው ቃል ናቹራል ሪሶርስስ ነው። የአንገረብ ውሃ፣ የሰሜን ተራሮች ደን፣ ሰሊጥ የሚያበቅለው የመተማ አፈር፣ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። ፋሲል ግቢን የመሰለ ነገር ከሆነ ደግሞ እንግሊዝኛው ካልቸራል ሪሶርስ ቢለውም እኛ «ቅርስ» የሚል የታወቀ ቃል አለን።

መጽሐፍና ወንበር ከሆነ ግብዓት። ገንዘብ ከሆነ በጀት ወይም ገንዘብ በይው፣ አትሸፋፍኝው። ወላጅ ገንዘቡ ተሸፋፍኖ ሲነገረው ነው የሚጠራጠረው። ሁሉንም በአንድ ላይ ከሆነ ደግሞ «አቅም»። የእናትሽ ዓረፍተ ነገር «የትምህርት ቤቱ አቅም ውስን ነው» ቢሆን ማንም ጥያቄ አያነሳበትም። በእንግሊዝኛ አንደር ሪሶርስድ የሚሉትም ይኸው ነው፤ አቅም ያነሰው፣ ግብዓት ያልተሟላለት ማለት ነው።

አሁን ወደ ወላጁ ልምጣ። እዚያ ላይ ሪሶርስ ማለት ልጁ ሲቸግረው፣ ሳይገባው ሲቀር ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ማለት ነው። ለዚህ አማርኛ «አለኝታ» የሚል ቃል አለው። «ወላጅ ለልጁ የመጀመሪያው አለኝታ ነው።» ይህን ስታነቢ የእናቶቹን ፊት እዪልኝ።

ሪሶርስፉል የሚለውን ብዙ ሰው ሀብታም ወይም ባለሀብት ይለዋል። ትልቅ ስህተት ነው። ሪሶርስፉል ሰው ኪሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። መላ የማያጣ፣ ዘዴኛ ማለት ነው። መቁጠሪያ የሌላት መምህርት ከየመጠጥ ቤቱ ቆርኪ ለቅማ፣ አጥባ፣ በ10 በ10 አስራ መደመር ስታስተምር እሷ ናት ሪሶርስፉል። ቆርኪው ደግሞ በአካባቢ ያለ ሪሶርስ ነው። ስለዚህ ያኛውን «በአካባቢያችሁ የሚገኘውን ነገር ተጠቀሙ» ብትዪው ይበቃል፤ ከባድ ቃል አያስፈልገውም።

የአዘዞዋ መምህርት

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቆርኪውን እኛም እናደርገዋለን፣ በጭራሮም በማሽላ አገዳም እናስቆጥራለን። «አለኝታ» የሚለውን ሳነብ በእውነት እንባዬ መጣ። ሪሶርስ ፐርሰኑስ? እኔ «የሀብት ሰው» ብዬው ነበር፣ አሁን ሳየው ነጋዴ ይመስላል።

ቢሮ የዋለ

መምህርት፣ ሪሶርስ ፐርሰን ስለ ጉዳዩ የሚያውቅና ለማስረዳት የሚጋበዝ ሰው ነው። በየሥልጠናው የሚመጣው። «ባለሙያ» በይው፣ ሥልጠና የሚሰጥ ከሆነ «አሠልጣኝ»። «በሁለተኛው ቀን ጉዳዩን የሚያስረዳ ባለሙያ ይመጣል» ካልሽ አለቀ።

ስለ ቃሉ ካነሳን አይቀር፣ እኔ የምሠራው የሰው ሀብት ክፍል ነው። ድሮ የሰው ኃይል አስተዳደር ነበር የሚባለው፣ አሁን የሰው ሀብት አስተዳደር ሆኗል። ሂውማን ሪሶርስ የሚለውን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ራሳቸው የማይወዱት አሉ፤ ሰውን እንደ ማሽንና እንደ ጥሬ ዕቃ የሚቆጥር ይመስላቸዋል። በአማርኛ ግን ተገላቢጦሽ ነው። «ሰው ሀብት ነው» ስንል ማክበራችን ነው፤ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ሲያድር «የሰው ሀብታም ነበሩ» እንላለን። ለእኔ «የሰው ኃይል» ከሚለው «የሰው ሀብት» የሚለው ይሻለኛል፣ ኃይል ሲባል ጉልበት ብቻ ነው የሚመስለው። ይህ የግሌ አስተያየት ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ይቅርታ በመሃል ልግባ። ሶርስ እና ሪሶርስ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ፈተና ላይ ይምታቱብኛል። አነባበቡስ ሪ ላይ ነው የሚጠብቀው ወይስ ሶ ላይ?

የበአታ ደቀ መዝሙር

ወንድሜ፣ ሶርስ የመጣበት ነው፣ መነሻው፣ ምንጩ። የወንዝ ምንጭ፣ የወሬ ምንጭ። ሪሶርስ ግን ወስደህ የምትጠቀምበት ነው። ሰከላ ያለው ግሽ ዓባይ ለወንዙ ሶርስ ነው፤ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ለሚያለማበት ሰው ሪሶርስ ነው። አነባበቡ ሁለቱም ትክክል ነው። አሜሪካኖች ብዙውን ጊዜ ሪ ላይ ይጫናሉ፣ እንግሊዞች ሶ ላይ፤ እንግሊዞቹ «ዞ» ብለውም ያነቡታል። አንተ አንዱን ያዝና በእሱ ጽና። ስትጽፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ቁጥር፣ መጨረሻው ላይ «ስ» ተጨምሮበት ነው የምታገኘው።

አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር፣ ቃል ስለምወድ ነው። ሶርስም ሪሶርስም በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል የመጡት መነሳት ከሚል የላቲን ግስ ነው። ሪሶርስ ሲሆን «እንደገና መነሳት» ይሆናል። ሪሰሬክሽን፣ ማለትም ትንሣኤ የሚለው ቃላቸውም ከዚያው ግንድ የወጣ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን ያኔ ሰው ሲወድቅ የሚያነሳውን ነገር ነበር የሚያመለክተው። የእኛ «ሀብት» ደግሞ ግዕዝ ነው፤ ወሀበ፣ ሰጠ ከሚለው። ስጦታ ማለት ነው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚሉትን ስሞች እይ፣ ገንዘብን አይደለም የሚያወሩት። ስለዚህ ጋሼ ለወላጅ «አለኝታ» ያሉት ከእንግሊዝኛው ሥር ጋርም ይገጥማል፤ ሲወድቁ የሚነሱበት ነውና። ሀብት ስትጽፉ ደግሞ በሃሌታው «ሀ» ይሁን፣ ወሀበ የሚጻፈው በእሱ ነው።

ኮምፒውተር ጠጋኝ

ፒያሳ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ። በእኛ ሥራ ሪሶርስ ማለት ሌላ ነው። ማሽኑ የሚሠራበት አቅም ነው፤ ራም፣ ፕሮሰሰር፣ የማስቀመጫ ቦታ። ደንበኛ «ስልኬ ይንቀረፈፋል» ሲለኝ «ይህ አፕ ብዙ ሪሶርስ ይበላል» እለዋለሁ። አማርኛ ስፈልግለት «አቅም ይጨርሳል» ነው የምለው፣ ሁሉም ሰው ይገባዋል። ዩአርኤል የምንለው የድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ያለው «አር»ም ሪሶርስ ነው። እዚያ ደግሞ ፎቶም ይሁን ፋይል ይሁን ገጽ፣ አድራሻ ያለው ነገር ሁሉ ሪሶርስ ይባላል። ለመምህርት ጽሑፍ አያስፈልግም፣ ግን ልጆቹ ሲያድጉ ያገኙታል።

የማራኪ ልጅ

ጋሼ ልክ ነዎት፣ «ግብዓት» የሚለውን ለሁሉም ማለቴን አንስቻለሁ። አንድ የማስታውሰው ግን አለ። ከሪሶርስ ጋር ሪዞርት የሚለውንም ሰው ያምታታል። «አስ ኤ ላስት ሪዞርት» ሲባል የመጨረሻ አማራጭ፣ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የሚደረግ ማለት ነው። መዝናኛ ሆቴል አይደለም፣ ሪሶርስም አይደለም። እህቴ በጽሑፉ ውስጥ ካለ እዪው።

የአዘዞዋ መምህርት

አለ! ገጽ 4 ላይ። ሪሶርስ መስሎኝ «የመጨረሻው ሀብት» ብዬው ነበር። «ልጁን ከክፍል ማስወጣት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን» ብዬ አስተካከልኩት። በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ ነበር የሚያበላሸው።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሁሉንም እንደገና ጻፍኩ። ከ23ቱ ውስጥ ሀብት ብዬ የተውኩት 2 ብቻ ነው፣ ሁለቱም ስለ ውሃና ስለ ዛፍ የሚያወሩ ናቸው። 9 ግብዓት ሆኑ፣ 4 አቅም፣ 2 ባለሙያ፣ 1 በጀት። 3 ቦታ ላይ ቃሉን ጭራሽ አወጣሁት፣ «ያለውን ነገር» አልኩ። አለኝታው አንድ ቦታ ብቻ ነው የገባው። ሪሶርስፉሉን «መላ የማያጣ መምህር» አልኩት። ሪሶርስ ሩም ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። «የግብዓት ክፍል» ብዬዋለሁ። ልክ ነው?

ጡረተኛው አስተርጓሚ

ልጄ፣ እሱን ከማጽደቄ በፊት ልጠይቅሽ። ክፍሉ ለማን ነው? ዕቃ የሚቀመጥበትና መምህራን የማስተማሪያ መርጃ የሚሠሩበት ከሆነ «የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል» የሚል የቆየ ስም አለው። ብዙ ትምህርት ቤቶችን አንድ ላይ የሚያገለግል ከሆነ «ጉድኝት ማዕከል» ነው፤ እንግሊዝኛው ክላስተር ሪሶርስ ሴንተር ይለዋል፣ አማርኛው ሪሶርስን ትቶ ጉድኝቱን ነው የያዘው። ዐረፍተ ነገሩን ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር ጻፊልኝ።

የአዘዞዋ መምህርት

«ማየትና መስማት የሚቸግራቸው ተማሪዎች በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለብቻ የሚታገዙበት ሪሶርስ ሩም ይደራጅ፣ ብሬልና የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ይመደብ» ነው የሚለው።

ጡረተኛው አስተርጓሚ

እንግዲያው ስለ ዕቃ አይደለም የሚያወራው። ዕቃውም አለ፣ ዋናው ግን እገዛው ነው። «የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍል» በይው። «የግብዓት ክፍል» ብትዪ የእነዚያ ልጆች ወላጆች መጋዘን ነው ብለው ያልፉታል፤ ለእነሱ ደግሞ ከ6ቱ ገጽ ሁሉ የሚበልጠው ይህ መስመር ነው። ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ ሁለት ጊዜ።

የአዘዞዋ መምህርት

እሺ ጋሼ፣ አስተካክዬዋለሁ። ክፍሌ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አለ፤ እናቱን ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ሄጄ ሰኞ እንዳትቀር እነግራታለሁ። ወረቀቱን ዛሬ ከ11 ሰዓት በፊት አዘዞ ኮፒ ቤት ማድረስ አለብኝ፣ 80 ቅጂ ነው። ሁላችሁም ዕድሜ ይስጣችሁ።