እናቴ ከደሴ ዋሽንግተን፦ እስከ ቦሌ በአውቶቡስ ወይስ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን?

ወሎዬ ከቨርጂኒያ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከደሴ ተነስታ እኔ ጋ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ትመጣለች። ዕድሜዋ 71 ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ይከብዳታል፣ እንግሊዝኛ አትችልም፣ የያዘችውም ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የኢትዮጵያ አየር መንገድን የደርሶ መልስ ትኬት ቆርጬላታለሁ። መነሻው 22:45 ይላል፤ 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይፈቀድላታል። የቀረኝ ከደሴ እስከ ቦሌ ያለው ነው። በአውቶቡስ ማልዳ ተነስታ፣ ላምበረት መናኸሪያ ወርዳ፣ በዚያው ምሽት ብትበር ይሻላል ወይስ ከኮምቦልቻ የሀገር ውስጥ በረራ ለብቻ ልቁረጥላት? አዲስ አበባ ዘመድ አለን፣ ሰሚት፤ መኪና ግን የለውም። ከላምበረት ቦሌስ በባቡር ነው በታክሲ?

የትኬት ሰው

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ትኬቱን የገዛህበት ቦታ ደውልና ኮምቦልቻን ከዋሽንግተኑ ጋር በአንድ ትኬት እንዲያደርጉልህ ጠይቅ። የለውጥ ክፍያና የዋጋ ልዩነት ይኖረዋል፣ ግን ሁለት ነገር ይገዛልሃል። አንደኛው ሻንጣ ነው። በአንድ ትኬት ሲሆን የዓለም አቀፉ የሻንጣ ፈቃድ ከኮምቦልቻ ጀምሮ ይሠራል። ለብቻው የሀገር ውስጥ ትኬት ከቆረጥክ ግን የሀገር ውስጡ ፈቃድ ነው የሚታየው፤ እሱ ያነሰ ስለሆነ ለሁለተኛው ሻንጣ ኮምቦልቻ ካውንተር ላይ የትርፍ ኪሎ ያስከፍሏቸዋል። ሁለተኛው ኃላፊነት ነው። የኮምቦልቻው በረራ ቢሰረዝ ወይም ቢዘገይና የዋሽንግተኑ ቢያመልጣቸው፣ በአንድ ትኬት ከሆነ ወደሚቀጥለው በረራ የማዛወር ግዴታው የአየር መንገዱ ነው። በሁለት ትኬት ከሆነ ግን ሁለቱም በረራ የአንድ አየር መንገድ ቢሆንም በዋሽንግተኑ በረራ ላይ ሳይገኙ እንደቀሩ ሊቆጠር ይችላል።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ኮድ ዲ ኤስ ኢ ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ማረፊያ ነው ያላቸው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጠዋቱን በረራ ምረጥ። በረራው የሚፈጀው አንድ ሰዓት አካባቢ ቢሆንም፣ ክረምት ከሆነ ጭጋግ ያዘገየዋል፤ ጠዋት ከሆነ የሚዘገይበት ሰፊ ጊዜ አለ።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ፦ ኮምቦልቻ አንዴ ትኬቱ ውስጥ ከገባ፣ ያንን በረራ ትተው በአውቶቡስ መምጣት የለባቸውም። የመጀመሪያው በረራ ላይ ያልተገኘ ተሳፋሪ የቀሩት በረራዎቹ በሙሉ ይሰረዛሉ፣ መልሱም ጭምር። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ዋናው በረራ ከአዲስ አበባ አይደል?» ብሎ ቦሌ ሲደርስ ስሙ ከዝርዝሩ ወጥቷል። የግድ በመኪና መምጣት ካለባቸው ከበረራው በፊት ደውለህ አስቀይር።

ላምበረት መናኸሪያ

በዚያው ቀን በአውቶቡስ መጥቶ መብረር የሚባለውን ተወው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ንጋት ላይ የተነሳ አውቶቡስ ሁሉ ነገር ቢሰምር ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ወይም ጣርማ በር አካባቢ ከባድ መኪና ሲገለበጥ አመሻሽቶ ይገባል ወይም ሸዋ ሮቢት ያድራል። በአውቶቡስ ከሆነ ከበረራው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመው ይምጡና ሰሚት ይረፉ። ለ71 ዓመት ሰውም ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ማረፍ ግድ ነው።

ባቡሩ ቦሌ አይገባም። ከአያት ጦር ኃይሎች ያለው መስመር በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ አድርጎ መገናኛ ይደርስና ወደ ሃያ ሁለትና ስታዲየም ይታጠፋል። ላምበረትም መስመሩ ላይ የለም። በዚያ ላይ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል፤ የቀሩት ተጨናንቀው ነው የሚሄዱት። ሻንጣ ለያዘ አይሆንም። ሚኒባስም ከላምበረት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ እያለ ያደርሳል፤ ግን የሻንጣ ቦታ የለውም፣ ሻንጣው ወንበር ስለሚይዝ የሰው ሂሳብ ይከፈልበታል፣ መጨረሻ ላይም መንገድ ዳር ነው የሚያወርደው። ተርሚናሉ በር ድረስ 46 ኪሎ ማን ይጎትታል?

ስለዚህ ዘመድህ ራይድ ወይም ፈረስ የሚባለውን የታክሲ አገልግሎት ይጥራ። መተግበሪያ ባይኖረውም ራይድ በ8294 ስልክ ይጠራል። ላምበረት ላይ ከመናኸሪያው በር ትንሽ ራቅ ብሎ ይጥራ፤ በሩ ላይ መኪና መቆሚያ አያገኝም፣ ሹፌሩም ይሰርዝበታል። ሻንጣ ተሸካሚዎች ሳይጠየቁ ያነሳሉ፣ ዋጋውን ሳይነጋገሩ አያስነኩ። በበረራው ቀን ከሰሚት ቦሌ ሲወጡ ከ11 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ምሽት ያለውን ሰዓት ይሽሹ። መገናኛና ኢምፔሪያል ጋ ያለው መጨናነቅ የ20 ደቂቃውን መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ያደርገዋል። 10 ሰዓት ላይ ቢወጡ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ተቀምጦ መጠበቅ ይሻላል።

ሜዳ ላይ የሚሠራ

የተረሳ ነገር አለ፦ ዊልቸር። ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ደውለህ አስመዝግብ፤ ካውንተር ላይ ቢጠየቅም ወረፋው ረጅም ነው። ሲመዘግቡ ሦስት ዓይነት አለ። ደረጃ የሚወጣ ግን ረጅም መንገድ የማይሄድ፣ ደረጃ የማይወጣ፣ እና እስከ ወንበሩ ድረስ የሚወሰድ። ደረጃ ከከበዳቸው ሁለተኛውን በግልጽ ንገራቸው። ቦሌ ላይ ትልቁ አውሮፕላን በድልድይ ሊያስገባቸው ይችላል፤ የሀገር ውስጡ ትንሽ አውሮፕላን፣ ዳሽ 8፣ ግን በራሱ ጠባብ ደረጃ ነው የሚወጣው። «ዊልቸር» ብቻ ከተባለ የመጀመሪያው ዓይነት ይመዘገብና ኮምቦልቻ ላይ ደረጃው ሥር ይቆማሉ።

ዊልቸሩ ለጉልበት ብቻ አይደለም። የሚገፋው ሠራተኛ ከሀገር ውስጥ ተርሚናል ወደ ተርሚናል 2 ያሻግራቸዋል፣ በኢሚግሬሽንና በፍተሻ ያሳልፋቸዋል፣ በሩ ድረስ ያደርሳቸዋል። ሸኚ ተርሚናል ውስጥ ስለማይገባ ቋንቋ ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም። ደለስም (የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ) ሲደርሱ ሌላ ሠራተኛ ይቀበላቸዋል።

ኮምቦልቻ ላይ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ታግ አይ ኤ ዲ (የደለስ ኮድ) ማለት አለበት፤ የአዲስ አበባ ኮድ ብቻ ካለ ቦሌ ላይ ራሳቸው መቀበል አለባቸው ማለት ነው። ሁለቱንም ቦርዲንግ ፓስ እዚያው ይጠይቁ።

ትኬቱ፣ ቪዛው፣ የአንተ አድራሻና ስልክ በወረቀት ታትሞ በእጃቸው ይሁን፤ በሩ ላይ ያለው ፈታሽ ትኬት ሳያይ አያስገባም። ወረቀቱ ላይ 22:45ን «ከምሽቱ 4:45» ብለህ ጻፍ፣ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ጨምርበት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚነሳ በረራ ቀኑን በአንድ ቀን ስተው የቀሩ ብዙ ናቸው፤ የእናትህ ከእኩለ ሌሊት በፊት ስለሆነ በቀኑ በኩል አያሳስብም። የአሜሪካ በረራ መግቢያው በር ላይ ተጨማሪ ፍተሻ ስላለው 4 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ጥሩ ነው።

ወሎዬ ከቨርጂኒያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትኬቱን ለማስቀየር የሚጠይቁኝ ልዩነት በጣም ከበዛስ? ደግሞ በርበሬና ሽሮ ይዛ እንድትመጣ ነው የምፈልገው፤ በእጅ ሻንጣ ይሁን?

የትኬት ሰው

ከበዛ ለብቻው ቁረጥ፣ ግን ከበረራው በፊት ባለው ቀን ይብረሩና ሰሚት ይደሩ። ሁለተኛውን ሻንጣ የሚመለከተውን የትርፍ ኪሎ ሂሳብ አስቀድመህ ጠይቅና ከልዩነቱ ጋር አወዳድር፤ ሲደመር ብዙ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ትኬት ማድረጉ የሚረክስ ሆኖ ይገኛል። መልሱንም አትርሳ፣ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻም ያው ጥያቄ ይመጣል።

ሜዳ ላይ የሚሠራ

በእጅ ሻንጣ እንዳታደርገው። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ከተሳፋሪው ጋር አይገባም፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ሚጥሚጣ ሁሉ ዱቄት ነው። በሩ ላይ ይወሰድባቸዋል፣ እናት ደግሞ ለልጇ ያዘጋጀችው ሲጣል ማየት ከባድ ነው። የእጅ ሻንጣው ራሱ 7 ኪሎ ብቻ ስለሆነ መድኃኒት፣ ወረቀትና ነጠላ ይያዙበት። ዱቄቱ በጠንካራ ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ መሃል፣ በልብስ ተጠቅልሎ ይግባ። ቋንጣ ጨርሶ አይያዙ፤ ሥጋ ደለስ ላይ ይወረሳል። የያዙትን ምግብ ለጉምሩኩ ይናገሩ፤ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው። ቋንቋው እንዳያስቸግራቸው «በርበሬና ሽሮ፣ ለቤት ምግብ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፈህ ከፓስፖርቱ ጋር አድርግላቸው።