«ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበት?

የክርክሩ መነሻ፦ ተማሪው በእንግሊዝኛ ደብዳቤው መዝጊያ ላይ ምላሽ በጉጉት እንደሚጠብቅ ለመግለጽ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ» ማለት ሲገባው «ቱ ሂር» ብሎ ጻፈ። ይቀነስበት ወይስ ይታለፍ?

አርታኢ፦ ይታለፍ። አንባቢው ያለ አንዳች ችግር ይረዳዋል። ደግሞም ሰዋስው ከዘመን ጋር ይለወጣል። «አከስተምድ ቱ» (የለመደ) የሚለው ሐረግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ «ኢንግ» የሚል መጨረሻ ከሌለው ግስ ጋር በብዛት ይገኛል፤ ዛሬ ግን ያው አጻጻፍ ያስነቅፋል። ልማድ ለወለደው ሕግ ተማሪ ለምን ይቀጣ?

መምህርት፦ ወንድሜ፣ ተማሪው የሚጽፈው ለዛሬ አንባቢ ነው። ለሥራ ወይም ለትምህርት ዕድል የላከውን ደብዳቤ የሚያነበው ሰው የሚመዝነው በዛሬው አጻጻፍ ነው።

ተማሪ፦ ብዙዎቻችን የተማርነው «ከ‹ቱ› በኋላ ግሱ እንዳለ ይቀመጣል» ተብለን ነው። ተማሪው የተነገረውን ሕግ አክብሮ ከጻፈ ጥፋቱ የማን ነው?

መምህርት፦ የአስተማሪው ነው፤ ይህን አልክድም። «ቱ» ሁለት ሥራ እንዳላት አልተነገረውም። «ዎንት ቱ ሂር» ስንል የግስ ምልክት ናት። በ«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ውስጥ ግን መስተዋድድ ስለሆነች ስም ትከተላታለች። መፈተሽ ለሚፈልግ፣ በግሱ ቦታ «ዩር ሪፕላይ» (ምላሽዎ) የሚለውን ያስገባ። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሪፕላይ» ያስኬዳል፤ «ዎንት ቱ ዩር ሪፕላይ» ፈጽሞ አያስኬድም። ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ግስ ሲመጣ «ኢንግ» ይጨምራል። ይህንን ያልለየ ተማሪ ነገ የባሰ ይሳሳታል። «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ አት ናይት» ማለት «ቀድሞ ሌሊት እሠራ ነበር» ነው፤ «አይ አም ዩዝድ ቱ ወርኪንግ አት ናይት» ግን «ሌሊት መሥራት ለምጃለሁ» ነው። የሌሊት ተረኛ ለሚፈልግ ቀጣሪ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ!

አርታኢ፦ በዚህኛው እስማማለሁ፤ ትርጉም ስለሚለውጥ ይቀነስበት። «ቱ ሂር» ግን የሚያዛባው ትርጉም የለም። ያስምሩበት፣ ነጥቡን ግን ይተዉለት።

መምህርት፦ የሁለቱም ምንጭ አንድ ስለሆነ አልለያቸውም። መጀመሪያ ሲሳሳት አሰምርበታለሁ፣ ምክንያቱንም ከጎኑ እጽፍለታለሁ። ተምሮት ከደገመው እቀንሳለሁ።

ተማሪ፦ ምክንያቱ ከተጻፈልን እኔም እቀበላለሁ።