«እፍግታ» ሁለት ቁጥር ሲኖረው፣ ፖሮሲቲስ በአማርኛ ምን ይባል?

ሰብለ_ቆላ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ስለ አፈር አንድ መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነውና እርዱኝ። አንዱ ገጽ ላይ የአፈሩ ዴንሲቲ 2.65 ይላል፣ ገልበጥ ሳደርግ የዛው አፈር 1.2 ነው ይላል፣ ሁለቱንም «እፍግታ» ብዬ ጻፍኩና አርታኢው ስህተት መስሎት በቀይ ከበበልኝ። ፖሮሲቲን፣ ማለት አፈሩ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ፣ ደሞ «ቀዳዳማነት» ብዬዋለሁ ግን ደስ አላለኝም።

አቦሉ፦
እፍግታ አሪፍ ቃል ነው እኮ፣ «ታክሲ ውስጥ ታፍገን መጣን» ከምንለው ጋር ዘመድ ነው። ጥግግት የሚሉም አሉ፣ እኔ ግን እሱን ለሕዝብ ብተወው ነው የምመርጠው።

ባለ_ወንፊት፦
አፈር ላብ ነው የምሠራው፣ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው እህቴ። ልዩነቱ ክብደቱን በምን አካፈልሽው ነው። ክብደቱ ያው አንድ ነው፣ 105 ዲግሪ ላይ ደርቆ የተመዘነው፣ እሱን ጠጣሩ ብቻ ለያዘው ቦታ ካካፈልሽው 2.65 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር አካባቢ ይመጣል፣ ይሄ ቁጥር ከማሳ ማሳ ብዙም አይለዋወጥም ምክንያቱም የኳርትዝ ራሱ 2.65 ነው፣ ሌሎቹ የተለመዱ ማዕድናትም እዛው አካባቢ ናቸው። ብረት የበዛበት አፈር ከፍ ይላል፣ ብስባሽ የበዛበት ይወርዳል። አየርና ውሃ የሚቀመጥበትንም ክፍተት ጨምረሽ አፈሩ እንዳለ ለያዘው ቦታ ስታካፍይው ግን 1.2 ይሆናል፣ ይሄኛው ነው ሲረገጥ የሚጨምረው ሲታረስ የሚቀንሰው። እውነቱን ለመናገር ላብ ውስጥ ፓርቲክል ዴንሲቲ፣ ባልክ ዴንሲቲ ነው የምንለው፣ በአማርኛ ከሆነ ግን «የቅንጣት እፍግታ» እና «የጅምላ እፍግታ» ብትይ ይሄዳል።

አቦሉ፦
ጅምላ 😂 አፈር መርካቶ ገባ በቃ፣ ችርቻሮውስ?

ሰብለ_ቆላ፦
አትሳቅ፣ ጅምላ ጥሩ ነው፣ ከነክፍተቱ እንዳለ ማለት ነዋ። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ማሳው ላይ ከብት የሚነዳው ታዲያ የትኛውን ነው የሚለውጠው?

ባለ_ወንፊት፦
ጅምላውን ብቻ። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ልል አፈር ውስጥ እንዳይጠፋ ላዩን ያጠብቁታል፣ ቅንጣቷ እንደሆነ በሬ ቢረግጣትም ያው ናት። ፖሮሲቲም የሚገኘው ከሁለቱ ነው፣ 1.2ን ለ2.65 አካፍለሽ ውጤቱን ከ1 ትቀንሻለሽ፣ 0.55 ገደማ፣ ማለት ከመቶው 55 እጁ ባዶ ቦታ ነው።

የሸዋ_ልጅ፦
ለምን «ዓይናማነት» አትሉትም? እንጀራ ዓይን አለው እንላለን አይደል፣ ከሱ የተሻለ ፖሮሲቲ የት ይገኛል

ባለ_ወንፊት፦
ደስ ይላል ግን ያሳስታል ወንድሜ፣ የእንጀራ ዓይን ላዩ ላይ ክፍት ሆኖ የሚታይ ነው። ለብሎኬት የሚሆነውን ፓሚስ፣ ያን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከስምጥ ሸለቆ ሲያመጡት አይተህ ከሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ፈጭተህ ዱቄት ስታደርገው ግን ይሰምጣል፣ ምክንያቱም ውስጥ ለውስጥ ያለው ዓይኑ አየር አፍኖ ይዞ ነበር። ስለዚህ ፓሚስ ላይ «ቅንጣት» ራሱ አከራካሪ ነው፣ ሳይፈጭና ተፈጭቶ የሚሰጥህ ቁጥር ይለያያል። «ቀዳዳማነት»ም ችግሩ ሰው ሲሰማው ውሃ ያፈሳል ብሎ ማሰቡ ነው። ዋልካን ውሰድ፣ እላይ 55 ያልነው ለሱ ይሆናል እንበል፣ አሸዋ ደሞ የጅምላው 1.6 ቢሆን ወደ 40 እጅ ነው የሚወጣው። ባዶ ቦታ የበዛው ዋልካው ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ የሚከርመውም እሱ ነው! ክፍተቶቹ ብዙ ናቸው ግን እጅግ ጠባብ፣ ውሃውን አንቀው ይይዙታል፣ የአሸዋው ቢያንስም ሰፊ ስለሆነ ወዲያው ያወርደዋል። ማሳለፉን ለብቻው «አሳላፊነት» በሉትና ፖሮሲቲን «የክፍተት መጠን» በሉት፣ መጠን ስለሆነ በመቶኛ ሲጻፍም አያስቅም።

የሸዋ_ልጅ፦
እሺ ተሸነፍኩ፣ ለፓሚስ ግን ዓይናማ ብዬ እቀጥላለሁ

ሰብለ_ቆላ፦
«የክፍተት መጠን» ወሰድኩ። አንድ የቀረኝ የቅንጣት እፍግታ መለኪያዋ ጠርሙስ ናት፣ ፒክኖሜትር፣ እሷንም ልተርጉማት?

ባለ_ወንፊት፦
ተያት ፒክኖሜትር ትባል፣ ከተረጎምሻት ገበያ ላይ የሚያገኝልሽ የለም። ይልቅ መመሪያው ላይ አፈሩን ውሃ ጨምራችሁ ቀቅሉት የሚለውን መስመር እንዳትዘልዪው፣ ሳይፈላ ከቀረ አየር ቅንጣቶቹ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ጠጣሩ ሰፋ ያለ ቦታ የያዘ ያስመስለዋል፣ ከዛ ቁጥሩ ከ2.65 ወርዶ ይወጣና አርታኢሽ እንደገና በቀይ ይከብብልሻል 😄