አገር ውስጥ የተገጣጠመ ሞተር ሳይክል ልግዛ ወይስ የለመድነውን?

ጥያቄ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ አማኑኤል (ማቻከል)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ ከብት ማከምና መከተብ ነው። በጮቄ ተዳፋት ላይ ያሉትን ቀበሌዎች በእግር እየሄድኩ በሰዓቱ መድረስ አልቻልኩም፤ መሥሪያ ቤታችንም ለሁላችን የሚበቃ ሞተር የለውም። ስለዚህ በቆጠብኩት ገንዘብ የራሴን ሞተር ሳይክል ለመግዛት ወስኛለሁ።

የቸገረኝ ምርጫው ነው። አባቴ የግብርና ሠራተኛ ስለነበር ዕድሜውን በያማሃ ላይ ነው የጨረሰው፤ ሌላውን ሞተር ብሎ አይቆጥረውም። የእህቴ ባል የሕንዱ ባጃጅ ድርጅት የሚሠራውን ቦክሰር ሞተር ነው የሚነዳው፤ እሱ ደግሞ "ከባጃጅ ውጭ እንዳታስብ" ይለኛል። በዚህ መሐል ደብረ ማርቆስ አንድ መደብር ውስጥ አገር ውስጥ የተገጣጠመ ባለ 150 ሲሲ ሞተር አየሁ። ዋጋው ከሕንዱ ይቀንሳል። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደዚያ ነው ያደላው፤ የከፈልኩት ገንዘብ ለአገሬ ልጅ እንጀራ ቢሆን ደስ ይለኛል። ግን ደግሜ የምገዛው ዕቃ አይደለም። መንገድ ላይ ቢቆምብኝ የገበሬው በሬ ሳልደርስለት ይሞታል።

የአገር ውስጡን የያዛችሁ ወይም የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። ኤሌክትሪክ የሚሉትስ ለእኛ አቀበት ይሆናል?

መልስ፦ መካኒክ፣ ፍኖተ ሰላም

ወንድም ዓለም፣ የጠቀስካቸው ሁሉ እጄ ላይ ስለሚገቡ የማየውን ልንገርህ።

አባትህ ያለምክንያት አልወደዱትም። ያማሃ ኤጂ 100 ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራ ሞተር ነው፤ ካቴናው ዙሪያውን በሽፋን የተዘጋ ስለሆነ ጭቃና አሸዋ አይበላውም። ዲቲ 125 ደግሞ የፊት የጭቃ መከላከያው ከጎማው በጣም ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ናቸው። ከቤንዚኑ ጋር ዘይት ያቃጥላሉ፤ ለዚያ ዘይት የተለየ ቋት አላቸው። ቋቱ ሳይታይ ከደረቀ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቅና ያን ቀን ሞተሩ አበቃ። ዋናው ችግር ግን መለዋወጫው ነው። ዛሬ "የያማሃ ነው" እየተባለ ከሚመጣልኝ ዕቃ ብዙው ከካርቶኑ በቀር ያማሃ አይደለም።

ቦክሰርና ሌላው የሕንድ ሞተር አፓቼ ቤንዚን ይቆጥባሉ፤ ቦክሰር በ1 ሊትር 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ መለዋወጫውም ሞልቷል። ሆኖም የፊት የጭቃ መከላከያቸው ጎማው ላይ ተደፍቶ ነው ያለው። ሐምሌ ላይ ዋልካ ውስጥ ሲገቡ ጭቃው ከሣር ጋር እየተቦካ በጎማውና በመከላከያው መካከል ይጠቀጠቃል። ከዚያ ጎማው መዞሩን ይተውና እየተጎተተ ይሄዳል፤ ነጂው ይወርድና በእንጨት ሲፈለፍል ይውላል። እኔ መከላከያውን ፈትቼ፣ ከሥሩ የብረት ቁራጭ አስገብቼ፣ በረጅም ብሎን አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ አስረዋለሁ። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ተመልሶ የመጣብኝ ሰው የለም። የአገር ውስጡንም ብትገዛ ይህን አስደርግ፤ ቅርጹ ከሕንዱ አይለይም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አገር ውስጥ የተገጣጠመ ሲባል ሞተሩ ራሱ፣ ማለትም ቤንዚን የሚያቃጥለው ክፍል፣ እንደተዘጋ ከውጭ ነው የሚመጣው። እዚህ የሚሠራው ሻንሲው ላይ ማሰር፣ ሽቦ መዘርጋት፣ ጎማ መግጠምና መፈተሽ ነው። ስለዚህ ሻጩን "ውስጡ ያለው ሞተር የማን ነው?" ብለህ ጠይቀው። አብዛኛው የቻይና ባለ 125 እና ባለ 150 ሲሲ ሞተር መሠረቱ የሆንዳ ሲጂ 125 ነው። የዚያ ዘር ከሆነ ካንዴላው፣ ፋሻው፣ የፍሪሲዮን ሸራው በየከተማው አይጠፋም። መልስ ከሌለው ግን አትግዛ። የገጣጣሚው ጉድለት የሚታየው ብሎን ላይ ነው። አዲስ ሞተር ሲመጣልኝ ሁሉንም ብሎን በቁልፍ እሞክራለሁ፤ የላላ አላጣም። በሕንዱም ቢሆን አላጣም፤ በካርቶን መጥቶ በመደብር ጓሮ የሚታሰር ሕንድ ሞልቷል።

መልስ፦ የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ደብረ ማርቆስ

እኔ በአጭሩ እናገራለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ነጋዴ የሚያመጣው ቶሎ የሚሸጥለትን ዕቃ ብቻ ነው። የቦክሰር ካቴና ከነጥርሱ አምጥቼ በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ስሙ ለማይታወቅ ሞተር ግን የኋላ የፍሬን ሸራ አምጥቼ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አልችልም፤ ገንዘቤ ይታሰራል። እና የአገር ውስጡ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አላልኩም። ገጣጣሚው ድርጅት ራሱ ደብረ ማርቆስ ላይ መለዋወጫ ካላስቀመጠልህ እኔ አላስቀምጥልህም።

ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ መኪና ሲገጣጥም ሞዴሎቹን አባይ፣ አዋሽ እያለ በወንዞቻችን ስም ጠርቷቸው ነበር። በኩራት የገዛ ሰው ብዙ ነው። ድርጅቱ ሲከስር ስሙ ለባለመኪናው የፍሬን ሸራ አልሆነለትም።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቢቸና

ልጄ፣ እኔ ልብህ ወዳደላበት ሂድ ነው የምልህ፤ ምክንያቴንም ላስረዳህ።

አባትህ የሚወዱት ያማሃ በ1955 እ.ኤ.አ. ዋይኤ-1 የተባለውን የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን ሲያወጣ የጀርመኑን ዲኬደብሊው አርቲ 125 አስመስሎ ነው የሠራው። የእህትህ ባል የሚምልበት ባጃጅ በጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ እየሠራ ነው እጁን ያፍታታው፤ ኋላም ከጃፓኑ ካዋሳኪ ጋር ሠርቷል። አፓቼን የሚሠራው ቲቪኤስም እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ከሱዙኪ ጋር ተሻርኮ ነበር። ዛሬ የምናከብራቸው ሁሉ ትናንት የሰው ዕቃ ይገጣጥሙ ወይም ይቀዱ ነበር። መጀመሪያ የሠሩትን የገዛላቸው የገዛ አገራቸው ሰው ነው። እኛ ገጣጣሚዎቻችንን ገና በጅምሩ ከናቅናቸው ከብሎን ወደ ፒስተን የሚሸጋገሩት በማን ገንዘብ ነው?

ተማሪዎቼ ቴክኒክና ሙያ ተምረው ሥራ አጥተው ሲቀመጡ አያለሁ። አንድ ሞተር እዚህ ሲታሰር ቢያንስ ሽቦውን የሚዘረጋው የእኛ ልጅ ነው። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

መልስ፦ የመለዋወጫ ነጋዴው እንደገና

የኔታ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሕንዶቹ ወደው ብቻ አልገዙም። ገበያው ለውጭ ዕቃ ዝግ ነበር፤ የባጃጅ ስኩተር ለመግዛት ተመዝግበው ዓመታት ይጠብቁ ነበር። አሜሪካም በ1983 እ.ኤ.አ. የራሷን ሞተር ሳይክል ሠሪ ሃርሊ ዴቪድሰንን ከጃፓኖች ለመከላከል ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ የውጭ ሞተር ሳይክሎች ላይ ከፍተኛ ቀረጥ ጥላ ነበር። ድርጅቱ የዳነው ግን ቀረጡ ስለከለለው ብቻ አይደለም፤ በዚያው ጊዜ አሠራሩን አሻሽሏል፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራሱ "ቀረጡ ጊዜው ሳይደርስ ይነሣ" ብሎ ጠይቋል። የእኛዎቹም ጥራቱን ያሳዩን፤ የመጀመሪያው ሻጭ እኔ እሆናለሁ።

መልስ፦ መምህሩ እንደገና

እውነትህን ነው፤ ስለ ጥራቱ አልከራከርህም። ግን ጥራት ያለ ገዢ አይመጣም፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚያድጉት። ጠያቂውም ሲገዛ ዝም ብሎ አይግዛ፤ የላላውን ብሎንም ቢሆን ለገጣጣሚው በጽሑፍ ያስታውቅ።

መልስ፦ የጤና ባለሙያ፣ ዳንግላ

ወንድሜ፣ እኔ አገር ውስጥ የተገጣጠመውን ይዤዋለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትን ነው የምነግርህ። የድርጅቱን ስም አልጠራም።

ሞተሩ በራሱ አላስቸገረኝም። ክትባት ይዤ በክረምት ገጠር እወጣበታለሁ፤ በጠዋት ብርድም ይነሣል። ያቃጠለኝ የፍጥነት መለኪያው ሽቦ ነው። ሲበጠስ ወደ ወኪሉ ሄድኩ፤ "ከአዲስ አበባ ይመጣል" እየተባልኩ ክረምቱ አለፈ። የዋስትና ወረቀት ነበረኝ። ወረቀቱ ግን ዕቃው በስንት ቀን እንደሚቀርብ አንድም ቃል አልነበረበትም። በመጨረሻ አንድ መካኒክ የሌላ ሞተር ሽቦ ቆርጦ አስተካከለልኝ። ሩቅ ካለ ዘመድ ቅርብ ያለ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለካ ለመለዋወጫም ነው።

ድጋሚ ብገዛ የአገር ውስጡን እገዛለሁ ወይ? አዎ፣ ግን ወኪሉ እዚሁ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ጋራዥ ካለው ብቻ። ለአገር ማሰብ የገዢው ብቻ ግዴታ መሆን የለበትም፤ ሻጩም ለእኛ ማሰብ አለበት። ይህን ስል ከልቤ ነው።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ሞተር ነጂ፣ ባሕር ዳር

ስለ ኤሌክትሪኩ የጠየቅኸውን እኔ ልመልስ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች እኔን ተስማምቶኛል። የአንተን አገር ግን በሒሳብ እንየው።

በብዛት የሚሸጠው ባትሪ 72 ቮልትና 40 አምፒር ሰዓት ቢሆን የሚይዘው ኃይል 2.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በሜዳ ላይ በቀስታ ለሚነዳ ሰው 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወስዳል። አቀበቱ ነው የሚጎዳው። ሞተሩ፣ አንተና የክትባት ሣጥኑ ተደምራችሁ 220 ኪሎ ብትሆኑ 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ይህ ከባትሪው ከሩብ በላይ ነው፤ የመንገዱ ርቀት ደግሞ ለብቻው ይታሰባል። ጭቃ ሲጨመርበት ሌላ ነው። ቀበሌህ ደርሰህ የምትሞላበት መብራት ከሌለ አትጀምረው።

ጥቅሙንም መደበቅ አልፈልግም። ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲያግድ አቅጣጫው ታውቋል። ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የተወሰነው የጉምሩክ ቀረጥ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15፣ በከፊል ለተፈታው 5፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ ለሚመጣው 0 በመቶ ነው፤ ስለዚህ አገር ውስጥ የመገጣጠሙ ሥራ የሚስፋፋው በዚህ በኩል ነው። ቤንዚን በዶላር ይገዛል፤ መብራቱ ግን የራሳችን ውኃ ነው። ከጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ ምረቃ በኋላ እኔ ሞተሬን በሞላሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ። አገሬን መደገፍ ለምትል ሰው ሻንሲውን ማን አሰረው ከሚለው ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ከገዛህ የእርሳስ ባትሪ አትውሰድ፤ ባዶውን ሲያድር ይሞታል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ሊቲየም ይሁን።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኔታ፣ የያማሃንና የባጃጅን ታሪክ ለአባቴ ነገርኩት፤ ዝም ብሎ ሰማኝ፣ አልተቃወመም። ኤሌክትሪኩን ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ የምሄድባቸው ቀበሌዎች ከግማሽ በላይ መብራት የላቸውም። የአገር ውስጡን ሻጭ መካኒኩ እንዳሉኝ ጠየቅሁት፤ ሞተሩ የሲጂ ዘር መሆኑን በመጽሐፉ አሳየኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ የራሳቸው ጋራዥ እንዳላቸውም ሄጄ አይቻለሁ። ስለዚህ ወደ መግዛቱ ነኝ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ስገዛ ወረቀቱ ላይ ምን ልይ? ደግሞ የእኛ አገር ሞተር ሁሉ አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይደክማል፤ ከምንድን ነው?

መልስ፦ መካኒኩ

ጭሱ የከፍታው ነገር ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ እየሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ስለሆነች ሩቡ ሄዷል ማለት ነው። ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን ለቆላ አየር በተለካው መጠን ያፈሳል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። የቤንዚኑን መውጫ ቀዳዳ ባነሰ ቁጥር ማስቀየር ነው መፍትሔው፤ ርካሽ ሥራ ነው። ቆላ ወርደህ ዓባይ በረሃ ላይ የምትቆይ ከሆነ ግን መልሰህ አስቀይር፤ ያለዚያ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ወረቀቱን በተመለከተ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ራስህ አስተያይ፤ አንድ ፊደል እንኳ ቢለይ አትረከብ። ዋስትናው ላይ ምን ምን እንደሚሸፍን፣ ዕቃ በስንት ቀን እንደሚቀርብና ሞተሩን ወደ ጋራዥ የማጓጓዣውን ወጪ ማን እንደሚከፍል በአማርኛ ይጻፍልህ፣ ማኅተምም ይረፍበት። የመጀመሪያውን ዘይት 500 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ቀይር፤ የሚወጣው ዘይት ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ታያለህ፣ በመጀመሪያው ጊዜ አያስደንግጥህ። በሁለተኛውም ካየኸው ግን ያኔውኑ ዋስትናህን ይዘህ ሂድ።

መልስ፦ የጤና ባለሙያዋ፣ ዳንግላ

አንድ ነገር ልጨምር። አሁኑኑ ሁለተኛ የፍሪሲዮን ሽቦ ግዛና ከሚሠራው ጎን ለጎን ዘርግተህ በፕላስተር እሰረው፤ ጫፎቹን ሳትሰካ ተዋቸው። ገጠር ውስጥ አንዱ ቢበጠስብህ ያንኛውን መሰካት ብቻ ነው፤ ቁልፍና ፒንሳ ከያዝክ ሰው መጥራት አያስፈልግህም።