የሳንባ ካንሰር ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ)፦ ለእኛ ደረጃ የሚሆን ሥልጠና ምን ይያዝ?

ጠያቂ፦ ጠቅላላ ሐኪም፣ መንዝ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ የምሠራው መንዝ ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። የሙያ ፈቃዴን ለማሳደስ የሲፒዲ ነጥብ ስለጎደለኝ በቅርቡ ስለ ሳንባ ካንሰር ሕክምና የኦንላይን ሥልጠና ወስጄ ነበር። ትምህርቱ ጥሩ ቢሆንም ጊዜውን የጨረሰው በካንሰሩ የጂን ምርመራ፣ ኦሲመርቲኒብና ፔምብሮሊዙማብ በሚባሉ የካንሰር መድኃኒቶች ላይ ስለሆነ፣ ሲቲ ስካን የሌለው ሐኪም ምን ያድርግ የሚለውን ሳይነካው አልፏል። በዚያው ሳምንት ሲጋራ ቀምሰው የማያውቁ፣ ዕድሜያቸውን በኩበት ጭስ ያሳለፉ አንዲት እናት መጡ። ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ አክታቸው ላይ ቲቢ ባይገኝም፣ በራጅ ብቻ ተጀምሮላቸው የስድስት ወሩን የቲቢ መድኃኒት ጨርሰዋል። ልጃቸው በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣቸውን ሁለት ራጆች መስኮት ላይ ለጥፌ ሳያቸው፣ በቀኝ ሳንባ አናት ያለው ጥላ ሰፍቶ እንጂ ጠቦ አላገኘሁትም። «ዶክተር፣ አንድም ቀን አላቋረጡም» አለኝ ልጁ። ሥልጠናውን እኛው ብናዘጋጀው ምን ይያዝ ትላላችሁ?

መልስ 1፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን

እኔ ብሆን የምጀምረው «ቲቢ ነው» የተባለውን መጠራጠር የሚገባን መቼ እንደሆነ በማስተማር ነው። በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ የተጀመረ የቲቢ ሕክምና ሁለት ወር ሲሞላው ታካሚው ክብደት ካልጨመረ፣ ደም የቀላቀለ አክታው ካልቆመ ወይም ድምፁ ከሻከረ፣ ራጁ ተደግሞ ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን መታየት አለበት። ቀጥሎ አንገት ይዳሰስ። ከአንገት ሥር ያለ ንፍፊት በመርፌ ተወስዶ የሳንባ ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ፣ የካንሰርን መስፋፋት በሚለካው በቲኤንኤም አመዳደብ ኤን 3 (የንፍፊቶች ከፍተኛው ደረጃ) ስለሆነ የበሽታው ዓይነትም መስፋፋቱም በአንድ መርፌ ይታወቃል። የደረት ውኃ ካለም ለሳይቶሎጂ (ለሕዋስ ምርመራ) ይላክ። ይህ ሳይደረግ ድሃ ታካሚን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ሄዶ ወረፋ እንዲጠብቅ መላክ ለእኔ ሪፈር አይባልም። በነገራችን ላይ የአሜሪካኖቹ የ2021 የቅድመ ምርመራ ምክር ከ50 እስከ 80 ዓመት ያሉ ብዙ ያጨሱ ሰዎችን የሚመለከት በመሆኑ እኚህን እናት አያካትታቸውም።

መልስ 2፦ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ሐኪም

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ የጂን ምርመራው ግን ጨርሶ ይውጣ ከተባለ አልስማማም። ኢጂኤፍአር የሚባለው ጂን ለውጥ ይበልጥ የሚገኘው አጭሰው በማያውቁ ሰዎችና በሴቶች ላይ ስለሆነ፣ የእኚህ እናት በሽታ አዴኖካርሲኖማ የሚባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት ከሆነ ጥያቄው ለእሳቸውም ይነሳል። ስለዚህ ቢያንስ ናሙና አያያዝ ይካተት። በጨው ውኃ ተነክሮ፣ አንዳንዴም በደረቅ ጓንት ተጠቅልሎ የሚደርሰን ሥጋ አለ፤ ባዮፕሲ ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት።

መልስ 3፦ ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት

ዶክተሮች፣ ቃሉንም አስቡበት። በእኛ አገር «ነቀርሳ» ለቲቢም ለካንሰርም ይባላል። አንድ አባት «ነቀርሳ ነው» ሲባሉ የስድስት ወሩ መድኃኒት ይሰጠኝ ብለው ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ሌላው የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን ነው፤ ሱስ ያስይዛል በሚል ፍርሃት የሚሰቃይ ሰው መኖር የለበትም፤ ሲታዘዝም የሆድ ድርቀት መድኃኒት አብሮ ይታዘዝ።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራጁን ሳገላብጥ አንገታቸውን እንዳልዳሰስኩ አሁን ነው ያስተዋልኩት። ቀጠሯቸው ሐሙስ ነው።