ጥቆማ፦ ለሚኒ ሚዲያ ልጆች ሶኒ ደብልዩ 830 ይሻላል ወይስ ካኖን ኢክሰስ 185?

ቲቸር ከደሴ፦
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ት/ቤታችን ውስጥ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባብራለሁ። ልጆቹ የግድግዳ ጋዜጣ ያዘጋጃሉ። እስካሁን ፎቶ የምናነሳው በእኔ ስልክ ነው። ስልኬ ላይ ደግሞ ባንኩም፣ ቴሌብሩም፣ የቤተሰብ ጉዳዩም አለ። ለልጅ ሰጥቼ ዘወር ማለት አልችልም። እኔ አንስቼ እነሱ እንዲለጥፉ ሳይሆን ራሳቸው እንዲያነሱ ነው የምፈልገው።

አክስቴ ከጅዳ ልትመጣ ነው። «ምን ላምጣልሽ?» ስትለኝ ኪስ የምትገባ ካሜራ አልኳት። እዚያ ያገኘቻቸው ሁለት ናቸው፤ ሶኒ ሳይበርሾት ደብልዩ 830 እና ካኖን ኢክሰስ 185። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም 20 ሜጋፒክስል ናቸው፤ የሁለቱም ኦፕቲካል ዙም 8 እጥፍ ነው። ወረቀቱ ላይ ሳያቸው መንታ ሆኑብኝ።

የሚያነሱት የሰልፍ ሥነ ሥርዓት፣ የኳስ ውድድር፣ የወላጆች ቀን ነው። ወደ ሐይቅና ወደ አይጠየፍ አዳራሽ ጉብኝትም አለን። የተጠቀማችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። ሌላ ግዢ አትበሉኝ፤ ምርጫው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የአራዳው፦
ካኖን። ምን ይጠየቃል? ሰፈራችን ያለው ፎቶ ቤት ከጥንት ጀምሮ ከካኖን ሌላ ይዞ አያውቅም። የእኔም የእህቶቼም ሠርግ በካኖን ነው የተነሳው። ቀለሙ እስከ ዛሬ አልበሙ ላይ ቁጭ ብሏል።

ታዛቢ፦
ወንድሜ፣ ሠርግ የሚነሳበት ትልቁ ካሜራ ነው። እሷ የጠየቀችው የኪሱን ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም ሌንሱም ውስጡም ሌላ ነው።

የአራዳው፦
ስም ዝም ብሎ አይወጣም። ካኖን ካኖን ነው።

ነቄ ነኝ፦
ቲቸር፣ በዚህ ዘመን ካሜራ ከጅዳ? ጎበዝ! እግረ መንገዷን የካሴት ቴፕም ታምጣልሽ። ስልክ የሚባል ነገር መጥቷል እኮ፣ ደሴ አልደረሰም እንዴ?

ቲቸር ከደሴ፦
ስልክ ለምን እንደማልሰጥ ጽፌያለሁ። ልጆቹ ደግሞ ግቢ ውስጥ ስልክ ይዘው መግባት አይፈቀድላቸውም። ካሜራ ግን የክበቡ ንብረት ይሆናል። ተራ ገብተው ይይዙታል።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ካሜራውን ለጊዜው ተዉትና ሚሞሪውን ጠይቁ። የእህቴ ኒካህ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። 64 ጊጋ ሚሞሪ ገዛሁ። ስም ያለው ነው፣ ማሸጊያውም ያምራል። ቀኑን ሙሉ ስናነሳ ዋልን፤ ካሜራው ላይ ሁሉም ይታያል። ማታ ላፕቶፕ ላይ ስንከፍተው የጠዋቶቹ ደህና ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ስማቸው አለ፣ ሲነኩ አይከፈቱም። አንዷን እስከ ዛሬ አልረሳትም። ሂና የተቀባው የእህቴ እጅ ነው። ጣቶቿ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ ከአንጓዋ ጀምሮ ወደ ታች ግራጫ ነው። በቃ ግራጫ። አክስቶቼ፣ አያቴ፣ ዱዓ ሲደረግ፣ ምንም የለም።

በነጋታው ሱቁ ሄድኩ። ሰውየው ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። እናቴ አሁንም ፎቶው የት አለ እያለች ትጠይቀኛለች።

ሰሚራ፦
ውይይ! አላህ በተሻለ ይተካላችሁ። የትኛው ሱቅ ነው? ስም ጥራ እንጂ ሌላው እንዲጠነቀቅ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ስም አልጠራም። ሰውየው ራሱ ተሸውዶ ያመጣው ሊሆን ይችላል። አሳልፌ ለአላህ ሰጥቼዋለሁ።

ብሩክ፦
እኔም በቻርጀር ተሸውጃለሁ። ኦሪጅናል ብሎ ሸጠልኝ፣ ገና በቅጡ ሳልጠቀምበት ስልኬን እንደ ምጣድ አግሎ ስክሪኑን አስነሳው።

ሰሚራ፦
ቻርጀር ካነሳችሁ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ደህና የታይፕ ሲ ቻርጀር የምታውቁ አላችሁ?

የአራዳው፦
ሚሞሪውን ከእኛ ሰፈር ፎቶ ቤት ቢገዛ ኖሮ ይህ አይደርስበትም ነበር።

ታዛቢ፦
እነሱ ሚሞሪ ይሸጣሉ እንዴ?

የአራዳው፦
አይሸጡም። ቢሸጡ ግን ኦሪጅናል ነው የሚሸጡት።

ሐረጎ መንገድ፦
አብሽር የኮምቦልቻው። አንተ ላይ የደረሰው የታወቀ ማጭበርበር ነው። ሚሞሪው በትክክል ሊይዝ የሚችለው ለምሳሌ 8 ጊጋ ነው። ውስጡ ያለችው መቆጣጠሪያ ቺፕ ግን 64 ነኝ ብላ እንድትዋሽ ተደርጋ ተሠርታለች። ካሜራው አምኖ መጻፉን ይቀጥላል። 8 ጊጋው ከሞላ በኋላ የሚጻፈው ወይ የትም አይቀመጥም ወይ የቀደመውን ይደመስሳል። የጠፋ ፎቶ የሚመልሱ ፕሮግራሞች እዚህ ላይ አይሠሩም፤ መጀመሪያውኑ ያልተቀመጠ ነገር አይመለስም።

መከላከያው አንድ ነው፤ ፎቶ ከማንሳት በፊት መፈተሽ። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባል ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ። ሚሞሪውን እስከ አፉ በፋይል ይሞላና መልሶ አንብቦ ያመሳክራል። የማይገጥም ነገር ካገኘ በቀይ ጽፎ ይነግርሃል። ሰዓት ይወስዳል፣ ግን ሠርግ አያስቀርም። ቲቸርም ብትሆኚ 64 አትፈልጊም። 20 ሜጋፒክስል ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሜጋባይት ነው፤ 16 ጊጋ ላይ ወደ 2,000 ፎቶ ይገባል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሁለቱንም ይዤ ሠርቻለሁ። ሶኒው በ2014፣ ካኖኑ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው፤ አዲስ ነገር አትጠብቂ። ግን መንታ አይደሉም።

ትልቁ ልዩነት የእጅ መንቀጥቀጥ ላይ ነው። ሶኒው ሌንሱ ውስጥ መንቀጥቀጡን የሚያካክስ ነገር አለው፣ ኦፕቲካል ስቴዲሾት ይሉታል። ካኖን 185 ይህ የለውም። 190 የሚባለው ካኖን አለው፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል አክስትሽ እንዳትሳሳት ንገሪያት። ዙሙ እስከ ጫፍ ሲሳብ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል፤ ሶኒው ኤፍ 6.3፣ ካኖኑ ኤፍ 6.9 ላይ ይደርሳሉ (ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይቀንሳል)። ካሜራው ለማካካስ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ያኔ የልጅ እጅ ትንሽ ከተነቃነቀች ፎቶው ደበዘዘ ማለት ነው። ለኳስ ሜዳውም ለሐይቁም ይህ ወሳኝ ነው።

ሌላው ስፋቱ ነው። ሶኒው ከ25 ሚሊሜትር ይጀምራል፣ ካኖኑ ከ28፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ ያነሳል። አንድ ሙሉ ክፍል ተማሪ ልታነሺ ወደ ኋላ ሄደሽ ሄደሽ ጀርባሽ ግድግዳ ሲነካ ያቺ ሦስት ሚሊሜትር ዳር የቆሙትን ልጆች ታስገባልሻለች። ካኖኑ ወደ ሩቅ እስከ 224 ይደርሳል፣ ሶኒው 200 ላይ ያቆማል። ይሄኛው እምብዛም አይታወቅሽም።

ቻርጅ ላይ ግን ረጋ ብለሽ አስቢ። ሶኒው ባትሪው ሳይወጣ በዩኤስቢ ይሞላል። መብራት ሲሄድ ፓወር ባንክ ላይ ሰክተሽ መሙላት ትችያለሽ። ገመዱ ግን የራሱ የሶኒ ነው፣ የስልክ ገመድ አይገባበትም፤ ከጠፋ ጣጣ ነው። ካኖኑ ባትሪው ወጥቶ በራሱ ቻርጀር ነው የሚሞላው። ሁለተኛ ባትሪ ካለሽ አንዱ እየሞላ በሌላው ትሠሪያለሽ። ሁለቱም በአንድ ሙሉ ባትሪ 200 ፎቶ ገደማ ያነሳሉ። ልጆች እጅ ላይ ይህ ግማሽ ቀን አይቆይም።

እኔ ብሆን ሶኒውን ነው የምይዘው፣ ሁለተኛ ገመድ ጨምሬ።

የአራዳው፦
ይህን ሁሉ ጽፎ መጨረሻው ሶኒ? በል ይቅናህ። እኔ ከካኖን አልወጣም።

ቲቸር ከደሴ፦
ሐረጎ መንገድ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ጊዜ ወስደህ ስለጻፍክልኝ በጣም አመሰግናለሁ። የመንቀጥቀጡን ነገር ጭራሽ አላወቅኩም ነበር። አንድ ልጨምር፤ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ፎቶው ነጫጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል። በስልኬም አጋጥሞኛል። ካሜራው ይለይ ይሆን?

ሐረጎ መንገድ፦
አይለይም። ነጠብጣቡ ፍላሹ ነው። ጉሙ ውስጥ ያሉት የውሃ ጠብታዎች ሌንሱ አፍንጫ ሥር ስለሆኑ ብርሃኑን መልሰው ይረጩታል። ጉም ሲሆን ፍላሹን አጥፉ፣ በቃ። አይጠየፍ ውስጥም ልብ በሉ። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ሰፊ ነው፤ የእነዚህ ካሜራዎች ፍላሽ ከሦስት ሜትር ብዙም አይዘልቅም። ጣሪያውንና ምሰሶውን ለማንሳት ፍላሹን አጥፍተው ካሜራውን የሆነ ነገር ላይ አስደግፈው የሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ይጠቀሙ።

ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ ሌንሱ ላይ ላብ ይይዛል። ከ500 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት፣ አየሩ ይሞቃል። ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ጠቅልላችሁ አፉን እሰሩት፣ እስኪሞቅ አትክፈቱት። ላቡ ሌንሱ ላይ ሳይሆን ፌስታሉ ላይ ይቀራል።

ብሩክ፦
ቲቸር፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳሙ ሴት አይገባም፣ ታውቂያለሽ አይደል? ሴቶቹ ልጆች እንዳያዝኑ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ቲቸር ከደሴ፦
አውቃለሁ ብሩክ። ለዚያም ነው ካሜራው ቀላል እንዲሆን የፈለግኩት። ወንዶቹ አባቶችን አስፈቅደው እኔ በሌለሁበት ያነሳሉ። ሴቶቹ ደግሞ ሐይቁን፣ ታንኳውን፣ ወፉን ያነሳሉ። አንድ ካሜራ ለሁለቱም ቡድን እንዴት እንደሚደርስ ነው አሁን ያስጨነቀኝ።

አልበም፦
ያገለገለ ትልቅ ካኖን አለኝ፣ ሁለት ሌንስ ያለው። በውስጥ አናግሩኝ።

ታዛቢ፦
ወንድሜ፣ «ሌላ አትበሉኝ» ብላለች እኮ።

ነቄ ነኝ፦
ቲቸር፣ ቅድም የቀለድኩት ልጆቹ ራሳቸው እንደሚያነሱ ልብ ሳልል ነው። እስቲ የሚጠቅም ነገር ልበል። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው ሥራዬ። ትንንሽ ካሜራ ተበላሽቶ ሲመጣልኝ አብዛኛው ሌንሱ ወጥቶ ቀርቶ ነው። ሌንሱ ተጣጥፎ የሚገባ ስለሆነ አሸዋ ከገባበት ይነክሳል። ቦርሳ ውስጥ ማብሪያው ተጭኖ ሌንሱ ሊወጣ ሲገፋ መውጫ ካጣም ጥርሱ ይሰበራል። ካኖንም ሶኒም በዚህ አንድ ናቸው። ጠንካራ ቦርሳ ግዢለት፣ ለብቻው ይቀመጥ። የእጅ ማሰሪያውን ያላጠለቀ ልጅ አይያዘው። ሌንሱ ከነከሰ ደግሞ በእጅ አትግፉት፣ አምጡልኝ። ለት/ቤት በነፃ አየዋለሁ። ሚሞሪውንም እፈትሽልሻለሁ።

ሰሚራ፦
ማሻአላህ! እንዲህ ነው ወሎዬ። ነቄ፣ ቻርጀርስ ትሠራለህ?

ነቄ ነኝ፦
ቻርጀር አልጠግንም እህቴ፣ አዲስ ግዢ። ስትገዢ በስልክሽ ሰክተሽ ሲሞላ እያየሽ ግዢ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ያቺ ሚሞሪ እስከ ዛሬ አለች። ነቄ፣ ላንተ ባመጣት ተስፋ አለው? ለእናቴ አንዲት ፎቶ ብትገኝ እንኳ።

ነቄ ነኝ፦
አምጣት። ሐረጎ እንዳለው ያልተጻፈው አይገኝም፣ የውሸት ተስፋ አልሰጥህም። ግን ካሜራው ትንሿን የማሳያ ምስል ፎቶው ራስ ላይ ነው የሚጽፋት። ፋይሉ ከተቆረጠም አንዳንዴ እሷ ትተርፋለች። ያቺ ሂናዋ ፎቶ መጀመሪያዋ ተርፏል ማለት ነው። ትንሽ ብትሆንም ሙሉ እጇን ልታገኝ ትችላለህ። ሌላ ነገር እንዳትጽፍባት፣ ፎርማትም እንዳታደርጋት።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ወላሂ ቅዳሜ እመጣለሁ።

ቲቸር ከደሴ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አክስቴ ደውላ ነበር፣ ሱቁ ገብታ ገዝታለች። ሐሙስ ትገባለች። አሁን የጨነቀኝ ማሳጠቡ ነው። ለግድግዳ ጋዜጣ ብዙ ፎቶ በርካሽ የሚያሳጥብ ታውቃላችሁ?

የአራዳው፦
የእኛ ሰፈር ፎቶ ቤት። ካኖኑን ነው የገዛችው አይደል?

ሰሚራ፦
ለግድግዳ ከሆነ ሁሉንም በፎቶ ወረቀት አታሳጥቢ ቲቸር። ዋና ዋናዎቹን ብቻ አሳጥቢ። ሌላውን ኤ 4 ላይ አራት አራት አድርገሽ በከለር ፕሪንት አስወጪው፤ በጣም ይረክሳል። የእኛ ት/ቤት እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ቀለሙ ቶሎ ይለቃል።