ክርክር፦ የዮሺዋራ ሥዕሎች ለውበታቸው ብቻ ይታዩ?

ቀለም ወዳጅ፦ በ2024 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ ስለ ዮሺዋራ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ተከፍቶ ነበር። ዮሺዋራ ከ1618 ጀምሮ በመንግሥት ፈቃድ የሚሠራ የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ነበር። ገና ማስታወቂያው ሲወጣ የሴቶችን መከራ አሳመራችሁት የሚል ቁጣ ተነሣ። እኔ ሥዕሎቹ ያለ ምንም ማብራሪያ ይታዩ ባይ ነኝ። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኡታማሮ የሣላቸውን የሰፈሩን ሴቶች ያየ ሰው የአንገታቸውን መስመር፣ የኪሞኗቸውን (የጃፓን ባህላዊ ቀሚሳቸውን) ጥለት አይረሳም። ሥዕል ፍርድ ቤት አይደለም።

የታሪክ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ይታዩ በሚለው እስማማለሁ። ዝም ተብሎ ይታዩ በሚለው ግን በፍጹም! አብዛኞቹ ሴቶች በቤተሰብ ችግር ምክንያት በልጅነታቸው የተሸጡ ናቸው። ሰፈሩ ዙሪያውን በውኃ ቦይ የታጠረ ነበር። ዋናው በር አንድ ብቻ፣ እሱም ጠባቂ ያለበት። በ1849 16 ሴቶች የአሳዳሪያቸው ግፍ ሲበዛባቸው ቤቱን በእሳት ለኮሱት። ከሰፈሩ ሴቶች ብዙዎቹ ሲሞቱ ጆካንጂ ወደሚባል ቤተ መቅደስ ተወስደው እንደነገሩ ይቀበሩ ነበር።

የኡታማሮን ሥዕሎች አሳትሞ ይሸጥ የነበረው ጹታያ ጁዛቡሮስ? እዚያው ዮሺዋራ የተወለደ ነጋዴ ነው። በበሩ አጠገብ ሱቅ ከፍቶ የቤቶቹንና የሴቶቹን ስም የያዘ መመሪያ ይሸጥ ነበር። ሥዕሎቹም ለሰፈሩ ገበያ ይጠሩ ነበር።

ሠዓሊው፦ ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዪአቸው እህቴ። የታዋቂው ሠዓሊ የሆኩሳይ ልጅ ኦኢ የሣለችውን የዮሺዋራ ሌሊት ተመልከቺ። ሴቶቹ መብራት በበዛበት ክፍል ተደርድረዋል። ወንዶቹ ውጭ ጨለማ ውስጥ ቆመው ያያሉ። የእንጨት ፍርግርጉ የሴቶቹን ፊት ሸፍኖታል። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል? ሌላው ሠዓሊ ሂሮሺጌም በ1857 ከዮሺዋራ መስኮት በፍርግርግ ውስጥ ወደ ሜዳው የምታይ ድመት ሥሏል። ሴትየዋ አትታይም።

ቀለም ወዳጅ፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። ግድግዳው በጽሑፍ ከተሞላ ሰው ሥዕሉን ትቶ ሲያነብ ይውላል።

የታሪክ ተማሪ፦ የኦኢ ሥዕል ይናገር ይሆናል። የኡታማሮው ግን ዋናውን ነገር አይነግርህም። ያ የምታደንቀው ኪሞኖ የሚገዛው በማን ገንዘብ ይመስልሃል? ታዋቂዎቹ ሴቶች ልብሳቸውን፣ የመኝታቸውን ጨርቅ፣ የሚያገለግሏቸውን ልጃገረዶች ወጪ ራሳቸው ይችሉ ነበር። ሁሉም ሲሸጡ በገቡበት ዕዳ ላይ ይደመራል። ባማሩ ቁጥር ከዚያ በር የመውጣታቸው ተስፋ ይርቃል። እኔ ግድግዳው በጽሑፍ ይሞላ አላልኩም። ይህችን ነገር ብቻ ከሥዕሉ ሥር ጻፉልኝ፤ ጥለቱን ከዚያ በኋላ እንደ ልብህ አድንቅ።